ተውሳኩ መድኃኒቱን ተማረ ወይ?
ስለ ባክቴሪያ ዘርና ስለ ግልበጣ ስሕተት

ባለፈው የዕረፍት ወራት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ጎጃም የተመለስን ጥቂት የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በሮብ ገበያ ተገናኝተን ነበር። ስሙ እንደሚናገረው የአገሩ ዋና ቀን ሮብ ነው፤ የደጋው ሰው ገብሱንና ድንቹን በአህያ ጭኖ፣ በጉን እየነዳ ይሰበሰባል፤ ተገበያይቶም ሲያበቃ ወሬውን ተለዋውጦ ይመለሳል። በዚያን ዕለት በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ አንድ ጎረቤት ከገበያው ዳር ተቀምጠው አገኘናቸውና እጅ ነሣን። ፊታቸው ከስቷል፤ በንግግራቸውም መካከል ሳል ያቋርጣቸዋል።

«ልጆቼ፣ እናንተ ከተማረው ወገን ናችሁና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉን። «ነቀርሳ ነው ተብዬ ክኒን ተሰጠኝ። ሁለት ወር ዋጥሁት። ሳሉ ተወኝ፤ ላቡ ተወኝ፤ እህልም ይበላልኝ ጀመር። ከዚያ አጨዳ ደረሰና እኔም መድኃኒቱን ተውሁት። አሁን ሳሉ ተመልሶ መጣ። ብሄድ ‹መድኃኒቱን የለመደ ተውሳክ እንዳይሆን አክታዎ ይመርመር› አሉኝ። እኔን የገረመኝ ይህ ነው፤ ዓይን የሌለው፣ ጆሮ የሌለው ተውሳክ እንዴት አድርጎ መድኃኒት ይለምዳል? ተማረ ማለት ነው ወይ?»

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረንም። «አያ፣ ብቻ ምርመራውን አይተዉት» ከማለት በቀር ምንም ሳንናገር ተለየናቸው። ወደ ትምህርታችን ከተመለስን በኋላ ግን ጥያቄው አላስተኛን ስላለ ቤተ መጻሕፍት ገብተን አነበብን፤ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችንንም አስቸገርን። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው የዚያ ንባብ ውጤት ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

1ኛ. የባክቴሪያ መጽሐፍ

ባክቴሪያ አካሉ አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ፍጡር ነው። አባትና እናት የለውም፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱም አራት እየሆነ በመከፈል ይባዛል። ከመከፈሉ በፊት ግን አንድ ታላቅ ሥራ አለበት፤ ይኸውም የዘሩን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገልብጦ ለሁለቱ ልጆች አንዳንድ ቅጂ ማዘጋጀት ነው።

ይህ መጽሐፍ ዲኤንኤ ይባላል። የዘር መልእክት የሚጻፈው በዲኤንኤ መሆኑን አቬሪ፣ ማክላውድና ማካርቲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1944 ያስረዱት ባክቴሪያን መርምረው ነው፤ ቅርጹን ደግሞ በ1953 ዋትሰንና ክሪክ ገለጹ። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ድምፅ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። የዲኤንኤ ፊደላት ግን አራት ብቻ ናቸው፤ ኤ፣ ቲ፣ ጂና ሲ። ሦስት ሦስት ፊደል በአንድነት ሲነበብ አንድ የፕሮቲን ጡብ ያመለክታል፤ ጡቦቹ ተደርድረው ሙሉ ፕሮቲን ይሠራሉ። ለአንድ ፕሮቲን መሥሪያ የሚሆነው የጽሑፍ ክፍል ጂን ይባላል። ጂኖቹና በመካከላቸው ያለው ጽሑፍ ሁሉ በአንድነት ሲጠራ ጂኖም ነው።

የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ሮበርት ኮህ ያሳወቀው መጋቢት 24 ቀን 1882 ነበር። የዘሩ መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ የተነበበው ግን ከዚያ ከ116 ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው። ሲቆጠርም 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደልና 4,000 ገደማ ጂን ተገኘበት። በአንድ ገጽ 2,000 ፊደል የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ይህን መጽሐፍ ልጻፈው ቢል 2,200 ገጽ ያስፈልገዋል። በሰው አንጀት የሚኖረውና ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ 4.6 ሚሊዮን ያህል ፊደል አለው፤ የእርሱም መጽሐፍ በ1997 ተነቦ አልቋል።

ሁለቱ በመጽሐፋቸው ርዝመት ቢቀራረቡም በፍጥነታቸው ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ኢ ኮላይ ምግብና ሙቀት ከተመቸው በ20 ደቂቃ ሁለት ይሆናል፤ ስለዚህ አንዱ ባክቴሪያ በ10 ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜ ተከፍሎ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል ማለት ነው። የነቀርሳው ግን አንድ ጊዜ ለመከፈል ወደ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ሕመሙ ቀስ ብሎ የሚጀምረው፣ ሕክምናውም ወራት የሚጠይቀው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

2ኛ. ስሕተት እንዴት ይገባል?

ጎጃም የመጽሐፍና የቅኔ አገር ነው። ዲማንና ዋሸራን የሚያውቅ ሰው ብራና ሲገለበጥ ምን እንደሚደርስ አይጠፋውም። ጸሐፊው የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ዓይኑ ይደክማል፤ መስመር ይዘላል፤ ፊደል ይለውጣል። ከዚያ ቅጂ የሚገለብጠው ሁለተኛ ጸሐፊ ደግሞ ስሕተቱን እንደ ትክክል ቆጥሮ ያስተላልፈዋል። በዲኤንኤ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው፤ ሊቃውንቱ ሚውቴሽን ይሉታል።

ስሕተት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በአማርኛ «ሰላም» የሚለውን ቃል አንዱ በእሳቱ «ሰ»፣ ሌላው በንጉሡ «ሠ» ቢጽፈው አንባቢው ያው ሰላም ብሎ ያነበዋል። በዲኤንኤም እንዲሁ ፊደሉ ተለውጦ የሚሠራው የፕሮቲን ጡብ የማይለወጥበት ጊዜ አለ። በግእዝ ግን «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። «ሠረቀ ፀሐይ» የሚለውን በእሳቱ «ሰ» የጻፈ ሰው ፀሐይን ሌባ አደረጋት! አንዲት ፊደል ትርጓሜውን ገለበጠችው። ሦስተኛም አለ፤ ፊደሏ ስትለወጥ ቃሉ ከነጭራሹ ትርጉም ያጣል፤ ያን ጊዜ ባክቴሪያው አስፈላጊ ነገር ይጎድልበትና ይሞታል ወይም ይደክማል።

ስለዚህ ሚውቴሽን አስቦ የሚሠራ ብልሃት አይደለም። አብዛኛው ምንም አይለውጥ፣ ወይም ይጎዳል፤ እጅግ ጥቂቱ ግን አንድ ቀን ይጠቅማል። የሚጠቅምበትን ቀን ግን ስሕተቱ ራሱ አያውቀውም።

ብዙ ባክቴሪያዎች ከስሕተት ሌላ ሁለተኛ መንገድ አላቸው፤ የጂን ቁራጭ ከጎረቤታቸው ይዋሳሉ። መድኃኒትን የመቋቋም ኀይል በአንጀትና በቁስል ባክቴሪያዎች መካከል በፍጥነት የሚዛመተው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። የነቀርሳው ባክቴሪያ ግን የሌላውን መጽሐፍ እንደማይመለከት ጸሐፊ ነው፤ መድኃኒትን የሚቋቋመው በራሱ የግልበጣ ስሕተት ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። ይህን እንያዝ፤ ወደ ታች ሁለት ጊዜ ይጠቅመናል።

3ኛ. ስሕተቱ ምን ያህል ነው?

ገልባጩ ኢንዛይም የሚያስደንቅ ጠንቃቃ ነው። በኢ ኮላይ ላይ የተደረጉ ልዩ ልዩ ልኬቶች እንደሚያሳዩት 4.6 ሚሊዮኑን ፊደል ከ300 እስከ 1,000 ጊዜ ያህል ገልብጦ የሚሳሳተው አንድ ፊደል ነው። ለዚህም ምክንያቱ ገልባጩ የጻፈውን ወዲያው መለስ ብሎ ስለሚያይ፣ ከእርሱም በኋላ ሌላ አራሚ ስለሚከተል ነው። የነቀርሳው ባክቴሪያ ሌሎች ብዙዎች ያላቸው ይህ ሁለተኛ አራሚ የለውም። ይሁን እንጂ ስሕተቱ አልበዛም። ነገሩ እንቆቅልሽ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2017 ኑክኤስ የተባለ ሌላ ኢንዛይም በዚህ ባክቴሪያ ዘመዶች ውስጥ የአራሚነቱን ሥራ እንደሚሠራ ታወቀ።

በበሽተኞች ላይ የተደረገውም ልኬት ከዚህ ጋር ይስማማል። ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የተከታተሉት ተመራማሪዎች የነቀርሳው ጂኖም በዓመት ግማሽ ፊደል ያህል፣ ማለትም በሁለት ዓመት አንድ ፊደል ገደማ እንደሚለወጥ አግኝተዋል። እስቲ እናስላው። በዓመት 8,760 ሰዓት አለ። በየ20 ሰዓቱ ቢከፈል 438 ግልበጣ ይሆናል። በ438 ግልበጣ ግማሽ ስሕተት ማለት በ876 ግልበጣ አንድ ስሕተት ማለት ነው። በሰው አካል ውስጥ የመከፈያው ጊዜ ሁልጊዜ 20 ሰዓት ነው ለማለት ስለማይቻል ይህ ግምት ብቻ ነው፤ ግን ለኢ ኮላይ ከተገኘው ቁጥር ውስጥ መውደቁን አንባቢ ይመልከት።

«እንዲህ ጠንቃቃ ከሆነ ታዲያ ምን ያስፈራል?» የሚል ይኖራል። የሚያስፈራው ብዛቱ ነው። አንድ ጸሐፊ ከስንት አንዴ ይሳሳታል፤ መቶ ሚሊዮን ጸሐፊዎች በአንድ ሌሊት ቢጽፉ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ስሕተት የሚጎበኘው ቃል እጅግ ብዙ ነው።

4ኛ. ተማረ ወይስ ቀድሞ ነበረ?

አሁን ወደ ሮብ ገበያው ጥያቄ ደረስን። ይህ የአንድ ገበሬ ጥያቄ ብቻ አይምሰለን፤ እስከ 1943 ድረስ ሊቃውንቱም በዚሁ ይከራከሩ ነበር። አንዱ ወገን «ባክቴሪያው ከመርዙ ጋር ሲገናኝ ይለምደዋል፤ ለልጆቹም ያወርሳል» አለ። ሌላው ወገን «የለም፤ የሚቋቋሙት ጥቂቶች መርዙ ከመምጣቱ በፊት በስሕተት ተወልደው ነበር፤ መርዙ የቀሩትን ገድሎ እነርሱን ገለጣቸው እንጂ አላስተማራቸውም» አለ።

ክርክሩን የፈቱት ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ የተባሉ፣ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የገቡ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። ለሉሪያ ሐሳቡ የመጣለት በአንድ የመምህራን ጭፈራ ላይ የቁማር ማሽን የሚሞክር ባልደረባውን ሲመለከት ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ይወጣል፤ አንድ ቀን ግን ሳንቲሙ ይዘረገፋል።

ሥራቸውን በጸሐፊዎች ምሳሌ እናስረዳ። ሃያ መምህራን እያንዳንዳቸው በየደብራቸው አንድ ትክክለኛ ዳዊት ይዘው ይጀምሩ፤ ደቀ መዛሙርት ከዚያ ይገልብጡ፤ የእነዚያም ተማሪዎች ከእነርሱ ይገልብጡ። ስሕተት በመጀመሪያው ግልበጣ ከገባ በዚያ ደብር ያሉት መጻሕፍት ግማሾቹ ይወርሱታል። በመጨረሻው ግልበጣ ከገባ ግን አንድ መጽሐፍ ብቻ ይበላሻል። ስለዚህ ከደብር ደብር እጅግ የተራራቀ ቁጥር እናገኛለን፤ በአንዱ ምንም፣ በአንዱ ሁለት፣ በአንዱ መቶ። ነገር ግን ስሕተቱ የመጣው መርማሪው በሩን ከፍቶ በገባባት ደቂቃ ጸሐፊዎቹ ደንግጠው ከሆነ በየደብሩ የሚገኘው ቁጥር ተቀራራቢ መሆን አለበት።

ሉሪያና ዴልብሩክ ኢ ኮላይን በብዙ ቱቦዎች ለየብቻ አሳደጉና ባክቴሪያ ገዳይ በሆነ ቫይረስ ላይ ዘሩት፤ ከዚያም ተርፎ የበቀለውን ቆጠሩ። ከሙከራዎቻቸው በአንዱ ከ20 ቱቦ የተገኘው ቁጥር ይህ ነው።

1፣ 0፣ 3፣ 0፣ 0፣ 5፣ 0፣ 5፣ 0፣ 6፣ 107፣ 0፣ 0፣ 0፣ 1፣ 0፣ 0፣ 64፣ 0፣ 35።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ረድፍ ቆም ብለህ ተመልከተው። ድምሩ 227፣ አማካዩም 11.35 ነው፤ ግን 11 የሚያህል ቁጥር የትም የለም። አሥራ አንዱ ቱቦዎች ባዶ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን 107 ይዟል። የቁማሩ ማሽን ይህ ነው። ባለ 107ቱ ቱቦ ስሕተቱ ቀደም ብሎ የገባበት ደብር ነው። ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት፣ ቫይረስ የሚባል ነገር ሳያውቁ፣ የሚቋቋሙት ተወልደው ነበር።

ከባዶዎቹ ቱቦዎች ብዛትም የስሕተቱን መጠን ማስላት ይቻላል። ከ20 ውስጥ 11 ባዶ ማለት 0.55 ነው፤ በዕድል ሒሳብ ሕግ ይህ በአንድ ቱቦ በአማካይ 0.6 ያህል ሚውቴሽን እንደደረሰ ያመለክታል። ይህንም በቱቦው ውስጥ ላሉት መቶ ሚሊዮኖች ሲያካፍሉት የሚውቴሽኑ መጠን ይገኛል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው ይሠራበታል። ሁለቱም ከአልፍሬድ ኸርሺ ጋር በ1969 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ መልሱ «አያ፣ ተውሳኩ አልተማረም፤ ቀድሞ የነበረውን መድኃኒቱ መርጦ አስቀረው» የሚል ነው።

5ኛ. የክኒኑ ሒሳብ

ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት በ1943 በዋክስማን ላቦራቶሪ አልበርት ሻትስ አገኘው። በእንግሊዝ አገር ተሞክሮ ውጤቱ በ1948 ሲታተም ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒቱን ካገኙት 55 በሽተኞች የሞቱት 4 ሲሆኑ፣ ካላገኙት 52 ግን 14 ነበሩ። ደስታው ታላቅ ሆነ። ዳሩ ግን ብዙዎቹ ከተሻላቸው በኋላ እንደገና ታመሙ፤ በአካላቸውም ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ መድኃኒቱን የሚቋቋም ነበር። አንድ መድኃኒት ብቻ ለምን እንደማይበቃ ቁጥሩን እንመልከት።

አይሶናያዚድ የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋመው ባክቴሪያ ከሚሊዮን አንድ ያህል ነው። ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመው ከመቶ ሚሊዮን አንድ ያህል ነው። በተቦረቦረ ሳንባ ውስጥ መቶ ሚሊዮን ባክቴሪያ ቢኖር፣ አይሶናያዚድን ብቻ ለሚውጥ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መቶ ያህል የሚተርፉ አሉ። ሪፋምፒሲንን ብቻ ለሚውጥ አንድ ያህል አለ። አንድ መቶ ሆኖ፣ መቶውም ሚሊዮን እስኪሆን የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለቱ በአንድነት ሲዋጡ ግን የሚተርፈው ሁለቱንም ስሕተት አንድ ላይ የያዘ ብቻ ነው፤ ሚሊዮን በመቶ ሚሊዮን ሲባዛ ከ100,000,000,000,000 አንዱ ማለት ነው። በሳንባው ውስጥ ይህን ያህል የለም። የመድኃኒቱ ጥበብ በሙሉ በዚህች ማባዛት ላይ ቆሟል። ዛሬ በአገራችን ለተለመደው ነቀርሳ የሚሰጠው ሕክምና ስድስት ወር ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል በአንድነት ይወሰዳሉ፤ በቀሩት አራት ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ይቀጥላሉ። አራቱ መድኃኒቶች በአንድ ክኒን የሚጨመቁትም በሽተኛው አንዱን ውጦ ሌላውን እንዳይተው ነው።

ታዲያ በሁለት ወር ሳሉ ከተወ ስድስት ወር ለምን? ፈጥነው የሚከፈሉት ባክቴሪያዎች አስቀድመው ስለሚሞቱ በሽተኛው ይሻለዋል። ቀስ የሚሉትና ያንቀላፉት ግን መድኃኒቱ በቀላሉ አያገኛቸውም። እነዚህ ስሕተት የያዙ አይደሉም፤ እንደ ሌሎቹ ናቸው፤ ተኝተው በመገኘታቸው ብቻ ተረፉ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ይነቁና ይባዛሉ፤ በተባዙም መጠን አዲስ የግልበጣ ስሕተት ይወልዳሉ። መድኃኒቱ አንድ ሳምንት ተውጦ አንድ ሳምንት ቢተው፣ ወይም ግማሹ ተውጦ ግማሹ ቢቀር፣ ለስሕተተኞቹ ገበያው ተከፈተላቸው ማለት ነው። ሪፋምፒሲንም አይሶናያዚድም የማይበግሩት ነቀርሳ ሕክምናው እጅግ የከበደ ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ያ ተውሳክ በሳል ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ ጎረቤቱ ከመጀመሪያው ቀን የማይታዘዝ በሽታ መውረሱ ነው።

ስሕተቱም የት እንዳለ ዛሬ ይታወቃል። ሪፋምፒሲን የሚይዘው ፕሮቲን የተጻፈበት ጂን አርፖቢ ይባላል። በዚያ ጂን ውስጥ «ቲሲጂ» የሚለው ቃል «ቲቲጂ» ሲሆን፣ ማለት አንዲት «ሲ» በአንዲት «ቲ» ስትተካ፣ መድኃኒቱ የሚይዝበትን ያጣል። ከ4.4 ሚሊዮን ፊደል አንዷ! ሪፋምፒሲንን የሚቋቋሙት ስሕተቶች አብዛኞቹ በ81 ፊደላት ውስጥ ተሰብስበው ስለሚገኙ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 የደገፈው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ያችን ገጽ ብቻ ገልጦ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያነባል። ባክቴሪያውን አብቅሎ ለማየት ግን ሳምንታት ያስፈልጋሉ።

6ኛ. የኛ አገር የዘር ሐረግ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የጥንት መጻሕፍትን ዝምድና የምናውቀው በስሕተታቸው ነው። በሁለት ብራናዎች ውስጥ አንድ ዓይነት እንግዳ ስሕተት ብናገኝ ከአንድ እናት መጽሐፍ መገልበጣቸውን እንገምታለን። በዚሁ መንገድ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት የነቀርሳን ሐረግ ይስላሉ። ከላይ እንዳልነው ይህ ባክቴሪያ ከጎረቤት አይዋስምና ሐረጉ እምብዛም አይደባለቅም።

በ2013 በአዲስ አበባው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ከነበሩት መካከል ረቡማ ፊርዲሳ፣ ስቴፋን በርግና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ከሳንባና ከዕጢ ነቀርሳ በሽተኞች የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው፣ የአንገት ዕጢ ነቀርሳ በአገራችን የበዛው ጥሬ ወተት በመጠጣት ከከብት እየተላለፈ ነው የሚባለው ግምት እንዳልጸና ነው፤ የከብቱ ዓይነት ባክቴሪያ ድርሻ እጅግ ትንሽ ሆነ፤ በዕጢም በሳንባም የተገኘው ያው የሰው ነቀርሳ ነው። (ወተትን ማፍላት ግን ለሌላ ብዙ በሽታ ይጠቅማልና አይተው።) ሁለተኛው ደግሞ ዓለም ከዚያ በፊት የማያውቀው፣ ከአፍሪካ ቀንድ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ሰባተኛ የነቀርሳ ሐረግ መገኘቱ ነው። አብዛኛው የተገኘውም በሰሜን፣ በወልድያ አካባቢ ነበር። በ2016 ኤቲዮፕስ ቬቱስ የሚል ስም ቀረበለት፤ በላቲን ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ እንደማለት ነው። ከዚያ ወዲህም በ2020 ከታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ስምንተኛ ሐረግ ተገልጿል።

ይህ ሰባተኛ ሐረግ በላቦራቶሪ ከተስፋፋው አራተኛው ሐረግ ይልቅ ቀስ ብሎ ያድጋል። ሰሎሞን ይመርና ባልደረቦቻቸው በአማራ ክልል ባደረጉትና በ2015 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ይህ ሐረግ የተገኘባቸው በሽተኞች ወደ ሕክምና ለመሄድ ከሌሎቹ ይልቅ ይዘገያሉ። ምናልባት ሕመሙ ዝግ እያለ ስለሚሄድ ሰውየው «ብርድ ነው፣ ያልፋል» እያለ ይቆይ ይሆናል።

የታሪክ ተማሪዎችንም የሚነካ ነገር አለ። ነቀርሳን ወደ አፍሪካ ያመጡት አውሮፓውያን ናቸው፤ ከዚያ በፊት አህጉሩ ለዚህ በሽታ ድንግል መሬት ነበር የሚል የቅኝ ገዥ ሐኪሞች አባባል ነበር። በ2015 ኢኛኪ ኮማስና ባልደረቦቹ የኢትዮጵያን የነቀርሳ ጂኖሞች አንብበው ይህ አባባል እንደማይቆም ጻፉ። የዚህ በሽታ ጥንታዊ መነሻ ምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን የሚደግፉ ብዙ ናቸው፤ የሰባተኛው ሐረግ በዚሁ ብቻ መወሰንም ከዚህ ጋር ይስማማል።

የሐረጉ እውቀት ለዕለት ሥራም ይጠቅማል። የሁለት በሽተኞች ተውሳክ ጂኖሞች ተነጻጽረው ልዩነታቸው ከ5 ፊደል ካልበለጠ በቅርብ ጊዜ አንዱ ከሌላው፣ ወይም ሁለቱ ከአንድ ሰው ሳይወስዱ አልቀሩም ይባላል። ከ12 ፊደል ከበለጠ ግን በሽታው ከየብቻ ምንጭ ነው።

7ኛ. የማን ዘር?

በአገራችን ነቀርሳ የዘር በሽታ ነው የሚል አለ። «ከዚያ ቤት አትጋባ፣ ደረታቸው ደካማ ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። በዚህ ቃል ምክንያት ሳሉን ደብቆ የሚኖር፣ መድኃኒቱንም ሰው እንዳያየው ብሎ የሚተው ስንት ነው? ከላይ የተጻፈውን የተከታተለ አንባቢ መልሱን ያውቀዋል። በዚህ በሽታ ውስጥ የዘር ነገር አለ፤ ግን የሚወረሰው ዘር የተውሳኩ ነው እንጂ የቤተ ሰቡ አይደለም። በአንድ ቤት ብዙ ሰው የሚታመመው በአንድ ጣራ ሥር አንድ አየር ስለሚተነፍስ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ መስኮት መክፈት፣ ቶሎ መመርመርና የተጀመረውን ክኒን መጨረስ ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021–2025 ባወጣው ዝርዝር መድኃኒትን የተቋቋመ ነቀርሳ ከጸናባቸው አገሮች መዝገብ ወጥታለች፤ ነቀርሳ በጠቅላላው ከበዛባቸው አገሮች መዝገብ ግን አልወጣችም። ለመጀመሪያው ድል በየመንደሩ በሽተኛው ክኒኑን ሲውጥ ቆመው የሚያዩ ሰዎችም ድርሻ አላቸው፤ በቸልታም ሊጠፋ ይችላል።

ስለ ጎረቤታችን ደግሞ ወሬ ደርሶናል። አክታቸው ተመርምሮ ያቺ ፊደል አልተለወጠችም፤ የተለመደውን ሕክምና ከመጀመሪያው ጀምረዋል። የተረፉባቸው ያንቀላፉት እንጂ ስሕተተኞቹ አልነበሩም ማለት ነው። ይህ ዕድል ነው። ሃያውን ቱቦዎች ያስታወሰ ሰው ዕድል እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ አሥራ አንዱ ባዶ ነበሩ፤ አንዱ ግን 107 ይዞ ነበር። በሚመጣው ዕረፍት ሮብ ገበያ ስንወርድ መልሱን ይዘንላቸው እንሄዳለን፤ ያን ጊዜም ስድስተኛ ወራቸውን ጨርሰው እንደምናገኛቸው ተስፋችን ነው።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሉሪያና በዴልብሩክ ሙከራ ሃያዎቹም ቱቦዎች ከ9 እስከ 13 ባለው ቁጥር ውስጥ ቢወድቁ ኖሮ ክርክሩ ለማን ይፈረድ ነበር? ለምን?

2. በአንድ ሳንባ ውስጥ አሥር ሚሊዮን ባክቴሪያ ቢኖር፣ አይሶናያዚድን ብቻ ለሚውጥ በሽተኛ ስንት የሚቋቋሙ ይጠብቁታል? ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድነት ለሚውጥስ?

3. «ተውሳኩ መድኃኒቱን ለመደ» የሚለውን አነጋገር ለአንድ ገበሬ በማይከብድ፣ ግን ከእውነቱ በማይርቅ አማርኛ አስተካክለህ ጻፍ።